«አዮን»፦ የአንድ ቃል አመጣጥና ከሕክምና ሙያ ጋር ያለው ቁርኝት

መግቢያ

ከላቦራቶሪ ተሞልቶ በሚመለስ የኤሌክትሮላይት ምርመራ ቅጽ ላይ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሎራይድና ባይካርቦኔት በየመስመራቸው ሰፍረው ይገኛሉ። የጤና ባለሙያው ቁጥሮቹን ከመደበኛው መጠን ጋር አነጻጽሮ ስለ ሕመምተኛው ውሳኔ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በቅጹ ላይ የተጻፉት ነገሮች በጋራ የሚጠሩበት «አዮን» የተሰኘው ስም ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳወጣውና በምን ምክንያት እንደተመረጠ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይደለም። ቃሉ በትምህርት ቤት በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ተነግሮ፣ በቃል ተጠንቶ፣ ከፈተና በኋላ የሚረሳ ይመስላል።

የቃሉ ታሪክ ግን ከሕክምና ታሪክ የሚነጠል አይደለም። ከቃሉ መወለድ አስቀድሞም ሆነ በኋላ ሐኪሞች፣ የቀዶ ጥገና ባለሙያዎችና የመድኃኒት ቀማሚዎች በታሪኩ ውስጥ ተሳትፈዋል። ከዚህም በላይ፣ አዮን ምን እንደሆነ በትክክል ሳይታወቅ በቆየባቸው ዓመታት በተቅማጥ በሽታ ሊድን ይችል የነበረ እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቃሉ ትርጉም

አዮን ማለት ኤሌክትሮን በማጣቱ ወይም በመጨመሩ የኤሌክትሪክ ሙል የያዘ አቶም ወይም የአቶሞች ስብስብ ነው። ኤሌክትሮን ያጣው አዎንታዊ፣ ኤሌክትሮን የጨመረው ደግሞ አሉታዊ ሙል ይኖረዋል። አዎንታዊው «ካታዮን»፣ አሉታዊው «አናዮን» ይባላል። ሶዲየምና ፖታሲየም ካታዮን ሲሆኑ፣ ክሎራይድና ባይካርቦኔት አናዮን ናቸው።

ቃሉ የግሪክ ነው። «ሄደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን «የሚሄድ» ወይም «ሂያጅ» ማለት ነው። ስለ ኤሌክትሪክም ሆነ ስለ ሙል የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ግዕዝ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አሰያየም እንግዳ አይሆንበትም። በግዕዝ «ሖረ» ማለት ሄደ ማለት ሲሆን፣ «ሐዋርያ» የሚለው ቃል የተገኘው ከዚሁ ግሥ ነው። ሐዋርያ በጥሬ ትርጉሙ ሂያጅ፣ ተጓዥ፣ መልእክት ይዞ የሚዞር ማለት ነው። እንግዲህ በቃል ፍቺ ብቻ ከታየ አዮንና ሐዋርያ አንድ ዓይነት ሐሳብ ያዘሉ ስሞች ናቸው።

ከቃሉ በፊት የነበረው ሁኔታ

በ1800 ዓ.ም. ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ከዚንክና ከብር ወይም ከመዳብ ዝርግ ብረቶች የተደረደረውን የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም አስተዋወቀ። በዚያው ዓመት ዊልያም ኒኮልሰንና አንተኒ ካርላይል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የባትሪውን ሽቦዎች ውኃ ውስጥ ቢነክሩ በአንደኛው ጫፍ ሃይድሮጅን፣ በሌላኛው ኦክስጅን ሲወጣ ተመለከቱ። ከሁለቱ ካርላይል ሙያው ቀዶ ጥገና ነበር።

ከዚያም ሃምፍሪ ዴቪ ተነሣ። ዴቪ በወጣትነቱ በአንድ የመድኃኒት ቀማሚና የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዘንድ ሙያ ለመማር ተቀጥሮ የነበረ ሰው ነው። በ1807 ዓ.ም. በቀለጡ ውሁዶች ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ፖታሲየምንና ሶዲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻቸው ለይቶ አወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ካልሲየምንና ማግኒዝየምን ለየ። ዛሬ በላቦራቶሪ ቅጽ ላይ የሚነበቡት አብዛኞቹ ስሞች የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ነገር ግን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል፣ በፈሳሹ ውስጥ፣ የሚሆነው ነገር አይታወቅም ነበር። የሽቦዎቹ ጫፎች «ዋልታ» ይባሉ ነበር፤ ምክንያቱም ማግኔት ብረትን እንደሚስብ ሁሉ እነርሱም ንጥረ ነገሮችን ከሩቅ ይስባሉ የሚል እምነት ስለነበረ ነው። ስያሜው ገና ያልተረጋገጠ ሐሳብን እንደ እውነት ተሸክሞ ይዞር ነበር ማለት ነው።

የአንጥረኛው ልጅና የአናጢው ልጅ

ማይክል ፋራዴይ በ1791 ዓ.ም. በለንደን አቅራቢያ ከአንጥረኛ ቤተሰብ ተወለደ። ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ ያለፈ ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ መጻሕፍት ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ ሙያውን ሲማር፣ ለመጠረዝ የመጡትን መጻሕፍት እያነበበ ከሳይንስ ጋር ተዋወቀ። በ1812 ዓ.ም. የዴቪን ትምህርታዊ ንግግሮች ተከታተለ፤ የያዘውንም ማስታወሻ በጥሩ ጽሕፈት ገልብጦና ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በማግስቱ ዓመት በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ከ20 ዓመት በኋላ ፋራዴይ ኤሌክትሪክ ውሁዶችን እንዴት እንደሚለያይ በጥንቃቄ ይለካ ጀመር። ሁለት ሕጎችንም አገኘ። አንደኛው፣ የሚለየው ንጥረ ነገር መጠን በፈሳሹ ውስጥ ካለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝነት አለው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ መጠን ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን የሚለየው በኬሚካዊ አቻ ክብደታቸው ልክ ነው የሚል ነው። በዛሬ አነጋገር 23 ግራም ሶዲየም የሚለይ ኤሌክትሪክ 39 ግራም ፖታሲየም ወይም 20 ግራም ካልሲየም ይለያል። የካልሲየም አቶማዊ ክብደት 40 ሆኖ ሳለ 20 ግራም ብቻ የሚለየው እያንዳንዱ የካልሲየም አዮን ሁለት ሙል ስለሚይዝ ነው። በሕክምና የሚሠራበት «ሚሊ ኢኩቫለንት» የተሰኘው መለኪያ ሥረ መሠረቱ ከዚህ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው።

ፋራዴይ ግኝቱን ለመጻፍ ሲቀመጥ የቃላት ችግር ገጠመው። «ዋልታ» የሚለው ቃል አሳሳች መሆኑን ሥራው አሳምኖት ነበር። አዲስ ቃል ለመፍጠር ደግሞ በዘመኑ ወግ ግሪክ ማወቅ ያሻ ነበር። በመሆኑም መጀመሪያ ሐኪምና ወዳጁ የሆነውን ዊትሎክ ኒኮልን አማከረ። «ኤሌክትሮድ» እና «ኤሌክትሮላይት» የመሳሰሉት ቃላት ሲወጡ የዚህ ሐኪም እርዳታ ነበረበት። ኤሌክትሮላይት ማለት በኤሌክትሪክ የሚፈታ ማለት ነው።

የቀሩት ቃላት ግን ፋራዴይን አላረኩትም። ስለዚህ በ1834 ዓ.ም. በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ወደሚገኘው ዊልያም ሂውዌል ጻፈ። ሂውዌል የአናጢ ልጅ ሲሆን፣ በሒሳብ፣ በማዕድን ጥናት፣ በፍልስፍናና በቋንቋ የታወቀ ምሁር ነበር። በእንግሊዝኛ ለሳይንስ ሰው የሚሰጠውን የወል ስም የፈጠረውም እርሱ ነው።

ፋራዴይ ለስያሜው መነሻ እንዲሆነው አንድ ምሳሌ አስቦ ነበር። የምድር ማግኔታዊነት የሚመጣው በዙሪያዋ ከሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው ቢባል፣ ፍሰቱ ፀሐይ የምትሄድበትን አቅጣጫ ተከትሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መሆን ይኖርበታል። የሙከራው ዕቃም በዚሁ አቅጣጫ ቢቀመጥ፣ ኤሌክትሪኩ የሚገባበት ጫፍ በፀሐይ መውጫ፣ የሚወጣበት ጫፍ በፀሐይ መግቢያ በኩል ይውላል። ሂውዌል ይህን ሐሳብ ተቀብሎ «አኖድ» እና «ካቶድ» የሚሉትን ቃላት አቀረበ። «አና» ወደ ላይ፣ «ካታ» ወደ ታች፣ «ሆዶስ» መንገድ ማለት ነው። ስለዚህ አኖድ የመውጫ ፍኖት፣ ካቶድ የመውረጃ ፍኖት ይሆናል። ወደ አኖድ የሚሄደው «አናዮን»፣ ወደ ካቶድ የሚሄደው «ካታዮን»፣ ሁለቱም በአንድነት «አዮን» እንዲባሉ ሐሳብ የሰጠውም ሂውዌል ነው። ፋራዴይ ምክሩን ተቀበለ፤ ቃላቱም በዚያው በ1834 ዓ.ም. ታትመው ወጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎችን ግራ የሚያጋባ አንድ ነጥብ ይፈታል። በኤሌክትሪክ በሚለያይ ፈሳሽ ውስጥ አኖዱ አዎንታዊ ሆኖ ሳለ አናዮን አሉታዊ የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ፣ ስሙ ቅንጣቱ የሚሄድበትን ስፍራ እንጂ የያዘውን ሙል የሚገልጽ አለመሆኑ ነው። አሉታዊው ቅንጣት ወደ አዎንታዊው ጫፍ ስለሚሄድ ወደ አኖድ ሂያጅ ተባለ።

ትሑት ስም፣ ረጅም ዕድሜ

ፋራዴይ አዮን ምን እንደሆነ በሙሉ አልተረዳም ነበር። በእርሱ አመለካከት አዮኖች የሚለያዩት ኤሌክትሪኩ በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ ነው፤ ኤሌክትሪክ በሌለበት ጨው ሳይከፋፈል እንደሟሟ ይኖራል ተብሎ ይታመን ነበር። ኤሌክትሮን ራሱ ገና አልታወቀም፤ ጄ. ጄ. ቶምሰን ያን ቅንጣት ያገኘው በ1897 ዓ.ም. ነው። እንዲህም ሆኖ ስሙ ሳይለወጥ ቆየ። ምክንያቱም ስያሜው የታየውን ነገር ብቻ፣ ማለትም ቅንጣቱ መሄዱን ብቻ ስለተናገረ፣ ንድፈ ሐሳቡ ሲለወጥ አብሮ የሚወድቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ቀጣዩን ታላቅ እርምጃ የወሰደው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬንየስ ነው። አሬንየስ በ1884 ዓ.ም. በ25 ዓመቱ ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ በመርማሪዎቹ ዘንድ ዝቅተኛ ማዕረግ ነበር የተሰጠው። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ጽሑፉን ለውጭ አገር ሊቃውንት ላከ። በሪጋ የነበረው ቪልሄልም ኦስትቫልድ የሥራውን ዋጋ ተረድቶ እስከ ኡፕሳላ ድረስ ሄዶ ጎበኘው። በዚያው ወቅት ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቫንት ሆፍ በውኃ የሟሙ ጨዎች የሚያሳዩት የኦስሞሲስ ግፊት ከሚጠበቀው እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ አግኝቶት ምክንያቱን ይፈልግ ነበር። አሬንየስ በ1887 ዓ.ም. መልሱን ሰጠ። ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሪክ ባይኖርም ወዲያውኑ ወደ አዮኖች ይከፋፈላል፤ አንድ የነበረው ሁለት ስለሚሆን ግፊቱም ወደ እጥፍ ይጠጋል። አሬንየስ በ1903 ዓ.ም. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

ይህ ግኝት ለሕክምና ያለውን ትርጉም ለመረዳት በየጤና ተቋሙ የሚገኘውን ኖርማል ሳላይን መመልከት ይበቃል። በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው ይገኛል፤ ይህም 154 ሚሊሞል ሶዲየምና 154 ሚሊሞል ክሎራይድ ይሆናል። የሁለቱ ድምር 308 ስለሆነ ፈሳሹ ከደም ኦስሞሲስ ጋር ይቀራረባል። ጨው ባይከፋፈል ኖሮ ያው 9 ግራም ግማሹን ብቻ በሰጠ ነበር።

ስሙ ያልነበረው መድኃኒት

«አዮን» የሚለው ቃል ከመታተሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ኮሌራ እንግሊዝ አገር ገባ። በ1831 ዓ.ም. መጨረሻ የ22 ዓመቱ ሐኪም ዊልያም ብሩክ ኦሾነሲ ወረርሽኙ ወደ ገባበት ወደ ሰንደርላንድ ከተማ ሄዶ የሕመምተኞችን ደም መረመረ። ደሙ ብዙ ውኃና ጨው እንዳጣ፣ የጎደለውም ጨው በተቅማጡ ውስጥ እንደሚገኝ አረጋገጠ። ሕመምተኞች ደም በሚፈስሱበትና የሚያስቀምጥ መድኃኒት በሚሰጣቸው ዘመን፣ የጎደለው ውኃና ጨው ተመልሶ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ።

በ1832 ዓ.ም. በስኮትላንድ የሌይት ከተማ ሐኪም ቶማስ ላታ ሐሳቡን በሥራ አዋለው። ሞት አፋፍ ላይ ለደረሱ ሕመምተኞች ገበታ ጨውና ሶዳ የሟሟበት ውኃ በደም ሥር ሰጠ። የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ጠፍቶ የነበረው የደም ትርታቸው ተመለሰ፤ ፊታቸው ወዛ፤ መናገርም ጀመሩ። ላታ ዳኑ ብሎ ለሌላ ባለሙያ ትቷቸው ሄደ። ተቅማጡና ትውከቱ ግን አገረሸ፤ ፈሳሹም ሳይደገምላቸው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አረፉ። ላታ ከዚህ በመማር ሌሎች ሕመምተኞችን ደጋግሞ እየሰጠ ያዳናቸው ነበሩ። እርሱም በማግስቱ ዓመት ሞተ፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ሕክምናው ተተወ።

ዘዴው የተተወበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ፈሳሹ ከጀርም የጸዳ አልነበረም፤ ሕክምናውም የሚሰጠው ሌላ ተስፋ ለሌላቸው ብቻ ነበር። ሆኖም ሥራው በንድፈ ሐሳብ የተደገፈ አለመሆኑ ትልቅ እንቅፋት ነበር። ጨው በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚያስፈልግና ከውኃው ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው የሚያስረዳ ዕውቀት አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሊዮናርድ ሮጀርስ በካልካታ የጨው ፈሳሽን በደም ሥር መስጠት እስኪያስፋፋ ድረስ ብዙ ወረርሽኞች አለፉ።

በመካከሉ አዮኖች አንዱ በሌላው የማይተኩ መሆናቸው ታወቀ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የለንደኑ ሐኪም ሲድኒ ሪንገር ከአካል የተለየ የእንቁራሪት ልብ በጨው ፈሳሽ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲመታ አየ። ኋላ ግን ረዳቱ ፈሳሹን ያዘጋጀው በተጣራ ውኃ ሳይሆን በቧንቧ ውኃ መሆኑን ደረሰበት። ሙከራውን በተጣራ ውኃ ሲደግመው ልቡ ሳይቆይ ደከመ። የለንደን የቧንቧ ውኃ ይዞት የነበረው ካልሲየም ነበር ልቡን ያሠራው። የሪንገር ስም ዛሬም ድረስ በሪንገር ላክቴት ፈሳሽ ላይ ይጠራል፤ ላክቴቱን የጨመረበት አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን ነው።

ከሂሳቡ እስከ ከረጢቱ

በቦስተን የሕፃናት ሐኪም የነበረው ጄምስ ጋምብል የሰውነትን ፈሳሽ በሁለት ትይዩ ዓምዶች ሥሎ ማስተማር ጀመረ። በአንደኛው ካታዮኖች፣ በሌላኛው አናዮኖች ይደረደራሉ፤ ሁለቱ ዓምዶች ምንጊዜም እኩል ቁመት አላቸው። በግራም ቢለካ ይህ እኩልነት አይታይም፤ የሚታየው በሙል፣ ማለትም በሚሊ ኢኩቫለንት ሲቆጠር ነው። የደም አሲድ መብዛት መንስኤን ለመለየት የሚሰላው «አናዮን ጋፕ» ከዚሁ አስተሳሰብ የመነጨ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ሮበርት ክሬን ግሉኮስ በአንጀት ግድግዳ የሚያልፈው ከሶዲየም አዮን ጋር ተጣምሮ መሆኑን አስረዳ። ይህም ኮሌራ አንጀቱን ያጠቃው ሰው እንኳ ጨውና ስኳር በአንድነት ሲጠጣ ሶዲየሙ፣ ከሶዲየሙም ጋር ውኃው ወደ ሰውነቱ ሊገባ እንደሚችል አመለከተ። በ1968 ዓ.ም. በዳካ የተደረገ ጥናት ይህንኑ በኮሌራ ሕመምተኞች ላይ አረጋገጠ። በ1971 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ በቦንጋን የስደተኞች መጠለያ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የጨውና የስኳር ብጥብጥ ለሕመምተኞች በአፍ እንዲሰጥ አደረገ። ብጥብጡን የሚያጠጡት በአብዛኛው የሕመምተኞቹ ቤተሰቦች ነበሩ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሞት መጠን ወደ 3.6 በመቶ ወረደ።

በኢትዮጵያ በየጤና ጣቢያውና በየጤና ኬላው የሚታደለው ኦ.አር.ኤስ. የዚህ ታሪክ ውጤት ነው። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በተለያዩ ጊዜያት በተከሰተው የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወረርሽኝ ብዙዎች የተረፉት በዚሁ ከረጢት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመክረው ቅመም በአንድ ሊትር ውስጥ 75 ሚሊሞል ሶዲየም፣ 20 ፖታሲየም፣ 65 ክሎራይድ፣ 10 ሲትሬትና 75 ግሉኮስ የያዘ ነው። አምስቱ ሲደመሩ 245 ይሆናሉ። አሁን ሙሉን መቁጠር ይቻላል። የካታዮኖቹ ድምር 95 ነው። በአናዮኖቹ በኩል ክሎራይድ 65 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሲትሬት ሦስት ሙል ስለሚይዝ 30 ይጨምራል፤ ድምሩ እንደገና 95 ነው። ግሉኮስ ሙል ስለሌለው በዚህ ሂሳብ አይገባም። ፋራዴይ በለንደን የለካው አቻነት በተቅማጥ ለደከመ ሕፃን በሚበጠበጠው ከረጢት ውስጥ ሳይዛነፍ ይገኛል።

ለዚህም ነው የከረጢቱ ዱቄት በታዘዘው የውኃ መጠን ብቻ መበጥበጥ ያለበት። ውኃው ካነሰ የሶዲየሙ ክምችት ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳል፤ ከበዛ ደግሞ የጠፋው አይተካም። በደም ሥር የሚሰጥ ፖታሲየም ክሎራይድም እንዲሁ ነው። አንድ ግራሙ 13.4 ሚሊ ኢኩቫለንት ፖታሲየም የያዘ በመሆኑ፣ ሳይቀጠን በፍጥነት ቢሰጥ ልብን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያቆም ይችላል። ግራምንና ሚሊ ኢኩቫለንትን ማምታታት የቃላት ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

መደምደሚያ

በ1952 ዓ.ም. አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ የነርቭ መልእክት የሚተላለፈው ሶዲየም ወደ ነርቭ ሕዋስ ሲገባና ፖታሲየም ሲወጣ መሆኑን አሳዩ። በ1957 ዓ.ም. ዴንማርካዊው ሐኪም የንስ ስኮው የሕዋስን ሶዲየም ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚመልሰውን ኢንዛይም አገኘ። ማሰብ፣ መተንፈስ፣ የልብ ትርታም ያለ እነዚህ ሂያጆች አይከናወኑም። ፋራዴይና ሂውዌል ስሙን ሲያወጡ ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። ያወቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅንጣቱ መሄዱን። ያንኑ ብቻ ስለተናገሩም ቃላቸው ሳይሻር ለዛሬው የጤና ባለሙያ ደረሰ።